ለፈጠራ ጽሑፍ ኮርስ የክፍል ብሎግ፦ ለምን በሦስተኛው ሳምንት ይሞታል፣ እንዴትስ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ይዘልቃል?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ጎንደር ከተማ በሚገኝ ኮሌጅ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የአማርኛ የፈጠራ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ሴክሽኑ 46 ተማሪ አለው። ባለፈው ሴሚስተር የክፍል ብሎግ ከፍተን በሦስተኛው ሳምንት ቆመ። የሚለጥፉት ጥቂቶች ነበሩ፤ አስተያየቱም ‹በርታ›፣ ‹ደስ ይላል› ብቻ ሆነ። ገልብጠው ያመጡ ነበሩ፤ ስማርት ስልክ የሌላቸውም አሉ። ዘንድሮ ልድገመው ወይስ ወደ ወረቀት ልመለስ? የምደግመው ከሆነ የትኛውን መድረክ ልጠቀም፤ ነጥቡንስ እንዴት ላከፋፍል?»

ምላሽ፦

መምህር፣ ይድገሙት። ባለፈው ሴሚስተር መጀመሪያ የቆመው ንባቡ ነው፤ ብሎጉ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪ ለፍቶ የጻፈው በማን እንደሚነበብና በስንተኛው ቀን መልስ እንደሚያገኝ ካላወቀ፣ ሁለተኛውን ጽሑፍ በግማሽ ልብ ይጽፋል፤ ሦስተኛውን ከሌላ ሰው ይገለብጣል። ስለዚህ የመድረኩ ምርጫ ሁለተኛ ጉዳይ ነው፤ ከእሱ በፊት የንባቡ ሥርዓት መቆም አለበት።

ለጎንደር ይህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ሆኖ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል፤ ስህተቱ እዚያው ይታረማል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም የለም። የሚጀምረውም ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ሥራው አጭር ነው፤ አዲስ ነው፤ ከመምህሩ ሌላ ሰሚ አለው፤ እርማቱ ሳይቀዘቅዝ ይመጣል። ከነዚህ አንዱ የጎደለበት የክፍል ብሎግ አይቆይም። የእርስዎ ተማሪዎች የጎደላቸው የኋለኞቹ ሁለቱ ናቸው።

ለምን እንደጎደላቸው ሒሳቡ ያሳያል። 46 ተማሪ በየሳምንቱ 300 ቃል ቢጽፍ 13,800 ቃል ይሆናል። አንዱን ጽሑፍ አንብቦ ሦስት መስመር አስተያየት ለመስጠት 4 ደቂቃ ቢበቃ እንኳ፣ ለአንድ ሴክሽን ብቻ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሌላ ኮርስም የሚያስተምር፣ ተማሪም የሚያማክር መምህር በሁለተኛው ሳምንት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ተማሪዎቹ ይህን በሦስተኛው ሳምንት ያውቁታል። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ ቢለጠፍ፣ ነጥብ ቢቀነስ አይነሣም።

ስለዚህ ሴክሽኑን ለሁለት ይክፈሉት፤ 23 ተማሪ በቡድን ሀ፣ 23 በቡድን ለ። አንዱ ቡድን የሚጽፍበት ሳምንት ለሌላው የማንበቢያ ሳምንት ነው፤ በቀጣዩ ይቀያየራሉ። የእርስዎ ንባብ በሳምንት ወደ 6,900 ቃል ይወርዳል፤ በዚያው ስሌት 92 ደቂቃ ነው። የ16 ሳምንት ሴሚስተር ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለአካውንት መክፈትና ለትየባ ልምምድ ይተዉ። ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት እያንዳንዳቸው ሁለት ሳምንት የሚፈጁ አምስት ዙሮች ይገባሉ፤ እያንዳንዱ ተማሪ አምስት ጊዜ ይጽፋል ማለት ነው። 13ኛው፣ 14ኛውና 15ኛው ለእርማት ናቸው። 16ኛው ሳምንት የንባብ ዝግጅት ይሁን፤ በየተራ ቆመው ያንብቡ።

ማን የማንን ያነባል የሚለውን ለተማሪው ምርጫ አይተዉት። ምርጫው ለእነሱ ከሆነ ታዋቂው ተማሪ አሥር አስተያየት ሲያገኝ ዝምተኛዋ አንድም አታገኝም። በሁለቱም ቡድኖች ከ1 እስከ 23 ቁጥር ይስጡ። በመጀመሪያው ዙር የቡድን ለ 1ኛ ተማሪ የቡድን ሀን 1ኛና 2ኛ ያነባል፤ 2ኛው ተማሪ 2ኛና 3ኛን፤ 23ኛው ደግሞ 23ኛና 1ኛን። በሁለተኛው ዙር ሁሉም በሁለት ቁጥር ወደ ፊት ይዘላል፤ 1ኛው 3ኛና 4ኛን ያነባል። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ጽሑፍ በትክክል ሁለት አንባቢ ያገኛል፤ እያንዳንዱ ተማሪም በአምስቱ ዙር አሥር የተለያዩ ሰዎችን ያነባል። ሠንጠረዡን አትመው በክፍሉ በር ላይ ይለጥፉት፤ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብቻ ከተላከ በሁለት ቀን ውስጥ ከሌላው መልእክት ሥር ተቀብሮ ይጠፋል።

የሳምንቱ ሰዓት ይህን ቢመስል ይሠራል፦ ጽሑፉ ሰኞ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይለጠፋል፤ የአንባቢዎቹ አስተያየት እስከ ሐሙስ ማታ ይገባል፤ እርስዎ ከዓርብ እስከ እሑድ ይጽፋሉ። ከተማሪዎቹ ቀድመው አይጻፉ። የመምህሩ አስተያየት መጀመሪያ ከታየ ሌሎቹ ያንኑ በሌላ ቃል ይደግሙታል፤ የተለየ ነገር ያስተዋለም ሐሳቡን ይውጠዋል። ለዘገየ ጽሑፍ እስከ ማክሰኞ ማታ በግማሽ ነጥብ ይቀበሉ፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋ። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ የአንዱ መዘግየት የሁለት አንባቢዎችን ሳምንት ባዶ ያደርጋል።

«በርታ» እና «ደስ ይላል» የመጡት ከስንፍና አይደለም፤ ከይሉኝታ ነው። አብሮ የሚበላ፣ በአንድ ዶርም የሚያድር ጓደኛ የጓደኛውን ጽሑፍ በአደባባይ መተቸት ይከብደዋል። «ትችት ስጡ» ብሎ ማዘዝ ይህን አያስወግደውም። የሚያስወግደው አንባቢው ከፈራጅነት ወንበር ወርዶ ሲያነብ የደረሰበትን ብቻ እንዲናገር ማድረግ ነው። አስተያየቱ ሦስት ነገር ይያዝ። አንደኛ፣ ከአእምሮዬ ያልወጣው ሐረግ የትኛው ነው? በትምህርተ ጥቅስ ገብቶ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ንባቤ የት ላይ ተቋረጠ፤ የት ላይ ወደ ኋላ ተመለስኩ? ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ውስጥ መልሱን ያላገኘሁት ጥያቄ ምንድን ነው? ለምሳሌ እንዲህ፦ «‹ነጠላዋ የጭስ ጠረን ይዞ› የሚለው አብሮኝ ዋለ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ‹እሱ› የተባለው አባትየው ይሁን ልጁ ስላልገባኝ ሁለቴ ተመለስኩ። በሩን ከውጭ የቆለፈው ማን ነው?» እዚህ ውስጥ ስድብም ሙገሳም የለም፤ ጸሐፊው ግን ነገ ጠዋት ምን እንደሚያስተካክል ያውቃል። 50 ቃል ይበቃል። ሙገሳ አይከልከል፤ ነጥብ ግን አያሰጥ።

ይህን የሚለማመዱት በእርስዎ ጽሑፍ ላይ ይሁን። በሁለተኛው ሳምንት 300 ቃል የሚሆን የራስዎን ረቂቅ ያቅርቡ፤ የተጠናቀቀና የተዋበ ሳይሆን እውነተኛ ረቂቅ። ተማሪ መምህሩን በስሙ አይተችም፤ ስለዚህ ሦስቱን ጥያቄዎች ያለ ስም በወረቀት መልሰው ይስጡዎት። ወረቀቶቹን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ በማግሥቱ ጽሑፉን አርመው ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ያሳዩ። የሴሚስተሩ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እርማት ብዙ መናገር አያስፈልግዎትም።

ወደ ነጥቡ እንምጣ። ለተከታታይ ምዘና 50 ነጥብ ካለዎት አብዛኛው ሰው እንደሚያደርገው ለእያንዳንዱ ልጥፍ «ለጥራቱ» ከአሥር አይስጡ። የመጀመሪያ ረቂቅ በጥራት ከተመዘነ ተማሪው ድፍረት አይሞክርም፤ የታወቀና ያልተሰበረ መንገድ ይመርጣል፤ መገልበጥም የሚጀምረው እዚያ ነው። ይልቅ ለአምስቱ ልጥፎች 3፣ 3 ነጥብ፣ በጠቅላላው 15 ይስጡ፤ መስፈርቱ በሰዓቱ መድረሱ፣ ርዝመቱና የትእዛዙ መከበር ብቻ ነው። ለአምስቱ ዙር አስተያየቶች 2፣ 2 ነጥብ፣ በጠቅላላው 10። ከአምስቱ ተማሪው ራሱ መርጦ ለሚያርማቸው ሁለት ጽሑፎች 9፣ 9፣ በጠቅላላው 18። የቀረው 7 ነጥብ ለአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፦ ተማሪው የትኛውን አስተያየት እንደተቀበለ፣ የትኛውን እንዳልተቀበለ፣ ለምን እንደሆነ ይጽፋል። አስተያየትን በምክንያት አለመቀበልም ችሎታ ስለሆነ ነጥብ ይገባዋል።

የእርማቱን 9 ነጥብ ሲከፋፍሉ ለአወቃቀር 4 ይስጡ፤ ምን ወጣ፣ ምን ቦታ ቀየረ፣ ጽሑፉ ከየት ጀመረ የሚለውን ይይዛል። ለቋንቋው 3፣ ለፊደልና ለሥርዓተ ነጥብ 2። ካልነገሯቸው «አርሜአለሁ» ብለው የሚያመጡት ሦስት ፊደል ቀይረው ነው። ቢያንስ ከዓረፍተ ነገሮቹ ሲሶው እንዲነካ ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራንን የሚያስቸግር ነገር አለ። ተማሪው እርማቱን የሚሠራው በመጀመሪያው ልጥፍ ላይ ገብቶ ከሆነ የቀድሞው ይጠፋል። ከብሎግ መክፈቻ መድረኮች ብሎገር የልጥፍን የቀድሞ ቅጂ አያስቀምጥም፤ ዎርድፕረስ ያስቀምጣል። የቀድሞው ከጠፋ የሚመዝኑት ለውጥ አይኖርም፤ አንባቢዎቹ የጠቀሱት ሐረግም ከጽሑፉ ውስጥ ስለሚጠፋ አስተያየቱ ሁሉ ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ሕጉ ይህ ይሁን፦ የተለጠፈ አይነካም፤ እርማት በአዲስ ልጥፍ «እርማት 2» በሚል መለያ ይወጣል፤ ከላይ ወደ መጀመሪያው የሚወስድ አገናኝ ይደረግበታል።

አሁን መድረኩ። ለእርስዎ ሁኔታ የምመክረው አንድ የጋራ ብሎግ በብሎገር ላይ መክፈት ነው። 46 የተለያዩ ብሎጎች ማለት ማንም የማይዞራቸው 46 አድራሻዎች ማለት ነው። ብሎገር በአንድ ብሎግ እስከ 100 አባል ይቀበላል፤ ሁለት ሴክሽን ቢኖርዎት ይበቃል፣ ሦስተኛው ግን አይገባም። ተማሪዎቹን «ጸሐፊ» አድርገው ይጋብዟቸው፤ ጸሐፊ የራሱን ልጥፍ ብቻ ነው ማረምና መሰረዝ የሚችለው። «አስተዳዳሪ» እርስዎና አንድ የሚያምኑት የሥራ ባልደረባ ብቻ ይሁኑ፤ አስተዳዳሪ የሁሉንም ሊሰርዝ ይችላልና። ጽሑፎች ከመውጣታቸው በፊት በእርስዎ መታየት አለባቸው ከተባለ ግን ዎርድፕረስ ይሻላል፤ በእሱ ላይ ጽፎ የሚያስገባ ግን ራሱ ማውጣት የማይችል የአባልነት ደረጃ አለ፤ ብሎገር ላይ ይህ የለም። ኮሌጁ ሙድል (የኮርስ ማስተማሪያ ድረ ገጽ) ካለውና ተማሪዎቹ የሚገቡበት ከሆነ ለዝግ ውይይት ያገለግላል፤ ሆኖም ተማሪው ኮርሱ ሲያልቅ ጽሑፉን ይዞ የሚወጣበት መንገድ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ።

ሁሉም ስልክ ላይ ያለው ቴሌግራም ለምን አይበቃም የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አንድ የቴሌግራም መልእክት እስከ 4,096 ምልክት ይይዛል፤ 300 የአማርኛ ቃል በቀላሉ ይገባበታል። ከፎቶ ሥር ከተጻፈ ግን በነፃ አካውንት ገደቡ 1,024 ነው፤ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ አይገባም። ዋናው ችግር ግን ርዝመቱ አይደለም፤ የቆየው ወደ ላይ እየሸሸ ይሄዳል፤ በጸሐፊ፣ በዙርና በዘውግ ለይቶ ማግኘት አድካሚ ነው። ቴሌግራምን ደወል ያድርጉት፤ «የቡድን ሀ ወጥቷል» ብሎ ይጥራ፤ ንባቡና አስተያየቱ ብሎጉ ላይ ይዋል።

የአማርኛ ጽሑፍ በብሎግ ላይ የሚያመጣቸው እንቅፋቶች ብዙ ጊዜ ስለማይጻፉ ትንሽ ልቆይባቸው።

የመጀመሪያው ፎንት ነው። በጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮች ላይ አሁንም ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የተመደበው የጋራ ኮድ) ያልሆኑ የቀድሞ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ይገኛሉ። በእነሱ የተጻፈው ወረቀት ላይ ደህና ይታተማል፤ ብሎግ ላይ ሲለጠፍ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ይሆናል። ምክንያቱ ፎንቱ የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ስለደረበው ነው፤ ፎንቱ ሲቀር ሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ስልክ ላይ በጂቦርድ፣ ኮምፒውተር ላይ በኪይማን። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ለራስዎ ይላኩ፤ እዚያ ከተነበበ ብሎግ ላይም ይነበባል።

ሁለተኛው መለያ፣ ማለትም በብሎገር ላይ ልጥፎችን በዘውግ የሚያሰባስበው ቃል ነው። ኮምፒውተር «ሥነ ግጥም» እና «ስነ ግጥም»ን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ነው የሚያያቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ሁሉ እንደዚሁ። 46 ሰው እንደ ልማዱ ከጻፈ አንዱ ዘውግ በአምስት መለያ ይበተናል። ከአሥር የማይበልጡ መለያዎችን እርስዎ ራስዎ ጽፈው ይስጧቸው፤ ተማሪው ከዚያ ገልብጦ ይለጥፍ እንጂ አይተይብ። መለያዎችን የሚለያየውም የላቲኑ ኮማ ነው፤ በእኛ ነጠላ ሰረዝ ከተለያዩ ሦስቱ መለያዎች አንድ ረጅም መለያ ይሆናሉ።

ሦስተኛው የልጥፉ አድራሻ ነው። ብሎገር አድራሻውን ከርዕሱ ያወጣል፤ ርዕሱ አማርኛ ብቻ ከሆነ ግን ማንበብ ስለማይችል ለሁሉም ተመሳሳይ የወል ስም ከቁጥር ጋር ይሰጣል፤ የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ዎርድፕረስ ደግሞ ፊደሉን ይወስዳል፤ አገናኙ ተገልብጦ ሲላክ ግን አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ UTF-8 በሚባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝና እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ ነው። በሁለቱም ላይ መፍትሔው አንድ ነው፦ ከማውጣታቸው በፊት አድራሻውን በላቲን ፊደል ራሳቸው ይሙሉት፤ የቡድን ምልክት፣ የተማሪ ቁጥር፣ የዙር ቁጥር። ከወጣ በኋላ መቀየር ቀድሞ የተላኩትን አገናኞች ሊሰብር ይችላል።

ግጥም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ኢንተር ሲጫን አዲስ አንቀጽ ስለሚከፈት በስንኞች መካከል ሰፊ ክፍተት ይገባል፤ ሺፍት እና ኢንተር አብረው ሲጫኑ መስመር ብቻ ይወርዳል። ስልክ ላይ ይህ ስለማይቻል ግጥሙን ከማስታወሻ መተግበሪያ ገልብጦ መለጠፍ ይሻላል። የወል ቤት የተባለውን የግጥም ምጣኔ 6 በ6 ቀለም ወይም ሰንጎ መገንን 5 በ5 ቀለም በባዶ ቦታ ለሁለት ከፍሎ መጻፍ የሚወድ ተማሪም ይኖራል፤ ድረ ገጽ ግን ተደጋጋሚ ባዶ ቦታን ወደ አንድ ያጠበዋል፤ ስለዚህ ሐረጉን በነጠላ ሰረዝ ወይም በአዲስ መስመር ይለይ። አራት ነጥብም በአንድ ቁልፍ ይጻፍ፤ ሁለት ሁለት ነጥብ ተደርቦ ሲጻፍ ለዓይን አንድ ቢመስልም ለኮምፒውተር ሌላ ምልክት ነው።

ስለ ገጹ መልክ አጭር ነገር፦ የፊደሉ መጠን 17 ወይም 18 ፒክስል፣ የመስመር ርቀቱ 1.6 ወይም 1.7 ይሁን፤ የግዕዝ ፊደል ረጅም ስለሆነ ለላቲን የተመደበው ርቀት ያጨናንቀዋል። ያዘመመ ጽሑፍ አይጠቀሙ። የስልክ ፎቶ ከመለጠፉ በፊት ወደ 1,200 ፒክስል ስፋት ይቀነስ፤ ጥቂት ሜጋባይት የነበረው ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይወርዳል፤ ይህም በራሱ ዳታ ለሚያነብ ተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

አካውንቱን ሁሉም በአንድ ቀን ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ለመክፈት አይሞክሩ። ከአንድ ግንኙነት ብዙ አካውንት በተከታታይ ሲከፈት ጉግል የስልክ ማረጋገጫ መጠየቅ ይጀምራል፤ አንድ ስልክ ቁጥርም የተወሰነ አካውንት ብቻ ነው የሚያረጋግጠው፤ ሰዓቱ በዚያ ያልቃል። ቀድመው በየራሳቸው ስልክ ከፍተው ይምጡ፤ ላብ ውስጥ ግብዣውን ተቀብለው አንድ የሙከራ ልጥፍ ያውጡ። ሲጨርሱ ከአካውንታቸው መውጣታቸውን ይቁጠሩ፤ ቀጣዩ ተቀማጭ በሌላ ሰው ስም የሚለጥፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ስማርት ስልክ ለሌለው ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት መንገዱ ይታወቅ። ጽሑፉን በእጁ በወረቀት ያስረክብ፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ላብ ይያዝለት፤ ካልተቻለ በቁጥር ቀጥሎት ያለው ተማሪ ይተይብለት። የተየበው ሰው ከአንድ ዙር የአስተያየት ግዴታ ነፃ ይሁን፤ ትየባ እውነተኛ ድካም ነው፤ ለጀማሪ 300 ቃል ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ለእያንዳንዱ ተማሪም የመጀመሪያ ጽሕፈቱ ከመስመር ውጭ፣ በማስታወሻ መተግበሪያ ወይም በወረቀት ይሁን፤ በብሎጉ ሳጥን ውስጥ እየጻፈ መብራት ወይም ኔትወርክ ከጠፋበት ሥራው አብሮ ይሄዳል። ኢንተርኔት ለቀናት ከተቋረጠ ዙሩ አይሰረዝ። የግድግዳ መጽሔት ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ጽሑፎቹ በኮሪደሩ ይለጠፉ፣ አስተያየቱ ሥራቸው በተሰቀለ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ መሥመሩ ሲመለስ ፎቶው ይውጣ። ሰኞና ሐሙስ እንደነበሩ ይቀጥሉ።

መገልበጥን በተመለከተ፣ ከፍለጋ ይልቅ የትእዛዙ አሠራር ይረዳዎታል። «ስለ ፍቅር ጻፉ» የተባለ ተማሪ የሚገለብጠው ነገር ሞልቶለታል፤ ቻትጂፒቲን የመሰለ መሣሪያም በሰከንድ ያዘጋጅለታል። ቦታና ገደብ ያለበት ትእዛዝ ግን ሰውየው ራሱ ቦታው ላይ መገኘቱን ይጠይቃል። ለአምስቱ ዙር እነዚህን ያስቡባቸው። ቅዳሜ ገበያ 15 ደቂቃ ቆሞ፣ የታየ ነገር ሳይጠቀስ በተሰማው ብቻ 250 ቃል። ከፒያሳ እስከ ማራኪ በባጃጅ የተሰማ ምልልስ፣ «አለ» እና «አለች» የሚሉት ቃላት ሳይገቡ፣ ማን እንደተናገረ ግን የሚታወቅበት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ከተሣሉት የመላእክት ፊቶች አንዱን ብቻ መርጦ 150 ቃል፣ «ውብ» እና «ድንቅ» ሳይባል፤ አንባቢዎቹ የትኛው እንደሆነ ቦታው ሄደው ይፈልጉ። ኮርሱ ጥምቀትን የሚያካትት ከሆነ ታቦቱ ሲወርድ የሚለውን ሁሉም ስለሚጽፈው፣ ከበዓሉ በፊት ከቀሃ ወንዝ የመጣው ውኃ ጥምቀተ ባሕሩን ሲሞላ ይጻፉ፤ ጸጥታውን፣ የሚጠርጉትን ሰዎች፣ ገና ያልመጣውን ሕዝብ። አምስተኛው ስምንት ስንኝ በሰንጎ መገን፣ ሰምና ወርቅ ያለው፤ ወርቁ በሌላ ወረቀት ታሽጎ ለእርስዎ ይድረስ፤ አንባቢዎቹ ከፈቱት በኋላ ይከፈት።

የእያንዳንዱ ዙር የመጀመሪያ 20 ደቂቃ ጽሕፈት ክፍል ውስጥ በእጅ ይሁን፤ ተማሪው ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ከልጥፉ ሥር ያያይዝ። ከሻካራው ረቂቅ ወደ ልጥፉ የሚወስድ ፈለግ ካለ ጥርጣሬ የሚነሣበት ምክንያት አይኖርም። ከተጠራጠሩና ፍለጋ ላይ ከገቡ ግን አንድን ሐረግ በተለያየ ፊደል ደጋግመው ይፈልጉት፤ «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ያደረገ ተማሪ ከፍለጋው ሊያመልጥ ይችላል። ሲደርሱበትም በአደባባይ አስተያየት ላይ አይጻፉት፤ ቢሮ ጠርተው ያነጋግሩት።

ብሎጉ ለማን ክፍት ይሁን? እስከ 15ኛው ሳምንት ለክፍሉ ብቻ ይሁን፤ ብሎገር ላይ አንባቢዎችን በኢሜይል መርጦ መፍቀድ ይቻላል። ረቂቅን ለዓለም ማጋለጥ ተማሪውን ያስጨንቃል፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ እምነት፣ ስለ ወቅቱ ሁኔታ የጻፈ ወጣት ጽሑፉ የት እንደሚደርስ የመወሰን መብት ሊኖረው ይገባል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጽሑፉ ባለመብት የጻፈው ሰው ነው፤ መምህሩ ስላዘዘው ወይም ኮሌጁ ነጥብ ስለሰጠበት ባለቤትነቱ አይሻገርም። ጥበቃው በሕይወት ዘመኑና ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ ለሕዝብ የሚወጣው ተማሪው በፊርማው የፈቀደው፣ የታረመው ቅጂ ብቻ ነው፤ አለመፍቀድ ነጥብ አያስቀንስ። የብዕር ስም ለሁሉም ይፈቀድ፤ በተለይ ሴት ተማሪዎች በስማቸው ከወጡ በኋላ በግል መልእክት የሚደርስባቸውን ያውቁታል። የስልክ ቁጥር፣ የዶርም ቁጥርና የተማሪ መታወቂያ ቁጥር በየትኛውም ልጥፍ አይግባ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ገበያ ውስጥ የታየ ሰው ታሪኩ ሲጻፍ ስሙ ይቀየር፤ ፎቶው ሳይጠየቅ አይነሣ።

ይዘቱን በየሳምንቱ ዓርብ አውርደው ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ፤ ምስሎቹን ለብቻቸው። በ15ኛው ሳምንት ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን አምስት ጽሑፎች፣ ሁለቱን እርማቶችና የተሰጡትን አስተያየቶች በአንድ ፋይል ይስጡት። የፈቃድ ፊርማውንም በዚያው ቀን ይሰብስቡ፤ ፋይናል ካለፈና ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ መተማ ከሄደ በኋላ ፊርማ ማግኘት አይቻልም፤ ያልፈረመውም ሰው ጽሑፍ ተዘግቶ መቅረት አለበት።